ቪየናን በእግር ማየት፦ ሰፈሮቹ፣ ካፌዎቹና መናፈሻዎቹ

ሌሎች አንባቢዎችም ምላሹን እንዲከታተሉት ጥያቄዎን በአጭሩ ልድገመው። በመስከረም አጋማሽ ለሥራ ስብሰባ ወደ ቪየና ይሄዳሉ፤ ስብሰባው ሐሙስ ሲያበቃ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ለራስዎ ይተርፉዎታል። ቤተ መንግሥትና ሙዚየም ከማዳረስ ይልቅ የከተማዋን ሰፈሮች፣ ካፌዎችና መናፈሻዎች በእግርዎ ማየት ይፈልጋሉ። ከየት እንደሚጀምሩ፣ በአንድ ሲኒ ቡና ረጅም ሰዓት መቀመጥ ነውር እንደሆነ፣ ዓርብን የሚጾም ሰው ምን ማዘዝ እንደሚችልም ጠይቀዋል። በከተማ ፕላን ሙያ ሠልጥኜ በቪየና ለእንግዶች የእግር ጉብኝት የምመራ እንደመሆኔ ሦስቱንም በተቻለኝ መጠን አብራርቼ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት የከተማዋን አሠራር መረዳት ይጠቅማል፤ ይህን የያዘ ሰው ካርታ ሳያወጣ መንገዱን ያገኛል። ቪየና በሁለት ቅጥሮች ታጥራ የኖረች ከተማ ነበረች። የውስጠኛው ግዙፍ ምሽግ እንዲፈርስ አፄ ፍራንዝ ዮሴፍ በ1857 መገባደጃ ላይ አዘዙ፤ በቦታውም ሪንግሽትራሰ የሚባለው ዛፍ የተተከለበት ሰፊ ጎዳና ተዘርግቶ በ1865 ተመረቀ። የውጭው ቅጥር በ1704 የተሠራ ሲሆን በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ ከተማ በሚገባ ምግብና መጠጥ ላይ ቀረጥ የሚከፈለው በዚህ ቅጥር በሮች ላይ ነበር፤ ከ1894 ጀምሮ ፈርሶ ዛሬ ጉርትል የሚባለው ጎዳና ሆነ። ስለዚህ ከሪንግ ውስጥ ያለው 1ኛው ወረዳ ነው፤ በሪንግና በጉርትል መካከል ከ3ኛ እስከ 9ኛ ያሉት ወረዳዎች ይገኛሉ፤ ከጉርትል ውጭ ደግሞ የሠራተኛውና የስደተኛው ሰፈሮች፣ ከዚያም የወይን እርሻዎቹ ይቀጥላሉ። ከ1ኛ እስከ 9ኛ ካሉት 2ኛው ወረዳ ብቻ ከዳኑብ ቦይ ማዶ ለብቻው ተቀምጧል። በየመንገዱ ማዕዘን በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ከመንገዱ ስም በፊት የወረዳው ቁጥር ስለሚጻፍ የት እንዳሉ ለማወቅ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል።

የቅጥሮቹን ታሪክ ያነሣሁት ያለምክንያት አይደለም። ዛሬ በነጻ ገብተው የሚናፈሱባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ በአንድ ወቅት ለሕዝብ የተዘጉ ነበሩ፤ አንዱ የንጉሥ አደን ቦታ፣ ሌላው የቤተ መንግሥት አትክልት፣ ሌላው የጦር ምሽግ ነበር። ቪየናን በእግር ማየት ማለት እነዚህ በሮች መቼና እንዴት እንደተከፈቱ እየተከተሉ መሄድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የማቀርብልዎ ዕቅድም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ፦ በአንድ ግማሽ ቀን ከአንድ ሰፈር አይውጡ። ጠዋት ሾንብሩን ቤተ መንግሥት፣ ቀትር ላይ መሀል ከተማ፣ ከሰዓት ፕራተር መናፈሻ የሚል ዕቅድ ይዞ የሚመጣ እንግዳ የሚያውቀው የምድር ባቡሩን ብቻ ነው።

ዓርብን ከፎልክስጋርተን ይጀምሩ። የናፖሊዮን ወታደሮች በ1809 ከተማዋን ለቀው ሲወጡ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት የነበረውን ምሽግ በባሩድ አፈረሱት፤ በፍርስራሹ ቦታ የተተከለው መናፈሻ በ1823 ለሕዝብ ተከፈተ። የሚታወቀው በጽጌረዳዎቹ ነው። ወደ ተክሎቹ ጠጋ ብለው ቢያዩ ብዙዎቹ እግራቸው ሥር ትንሽ የጽሑፍ ሰሌዳ አለች፤ የመናፈሻው አስተዳደር ለግለሰቦች የተክል ሞግዚትነት ስለሚሰጥ ሰዎች ለሞተች እናት፣ ለጋብቻ በዓል፣ አንዳንዴም ስሙን ሳይጠቅሱ ለሚወዱት ሰው ሁለት መስመር አጽፈው ያቆማሉ። እኔ ለእንግዶቼ ከማሳያቸው የመሀል ከተማ ሐውልቶች ሁሉ እነዚህን ሰሌዳዎች አስበልጣለሁ። በመስከረም የበጋው ድምቀት ባይኖርም አበባ አያጡም።

ከዚያ በጀግኖች አደባባይ በኩል አቋርጠው ወደ ቡርግጋርተን ይለፉ። ይህም የንጉሡ የግል አትክልት ነበር፤ ሕዝብ ከገባበት በኋላ እንኳ ለብዙ ዓመታት ሣሩ ላይ መቀመጥ ክልክል ሆኖ ቆይቷል። በ1979 ወጣቶች ተሰባስበው ሣሩ ላይ መቀመጥ ጀመሩ፤ ፖሊስ ሲያስነሣቸው ተመልሰው እየመጡ ጉዳዩ የከተማዋ የፖለቲካ መነጋገሪያ ሆነ። ዛሬ ፀሐይ ባለበት ቀን ያ ሣር ተማሪና ሕፃን ተኝቶበት ያገኙታል። በሌሎቹ የመንግሥት አትክልቶች ግን ሣሩ ሁሉ አይፈቀድምና በየመግቢያው ያለውን ምልክት ማየት አይርሱ። የእነዚህ መናፈሻዎች በሮች ሲመሽ እንደሚቆለፉም ይወቁ፤ በመስከረም አጋማሽ ፀሐይ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች።

ሦስተኛው ሽታትፓርክ ነው። በ1862 ሲከፈት በንጉሥ ችሮታ ሳይሆን በማዘጋጃ ቤቱ ውሳኔና ወጪ የተሠራ የመጀመሪያው መናፈሻ ነበር፤ በሦስቱ መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ጠዋት በእግር መረዳት ይቻላል። ሁሉም ሰው በወርቅ ቀለም የተለበጠውን የዮሐን ሽትራውስን ሐውልት ፎቶ ለማንሣት ይሰለፋል፤ ሰልፉን ይለፉና ትንሹን ወንዝ ተከትለው ይሂዱ። ከመናፈሻው ፊት ለፊት፣ በሪንግ ማዶ፣ ካፌ ፕሩክል አለ። ውስጡ እንደ 1950ዎቹ ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቶቹ ሰፋፊ፣ ወንበሮቹ ያረጁ ግን የተመቹ ናቸው።

እዚህ ላይ ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልግባ። በባህላዊ የቪየና ካፌ በአንድ ሲኒ ቡና ሁለት ሦስት ሰዓት መቀመጥ ነውር አይደለም፤ ዋጋው ከመደበኛ ቡና ወደድ የሚለውም የሚከፍሉት ለቦታው ጭምር ስለሆነ ነው። ሜላንሽ የሚባለው ወተት ያለው ቡና ከ5 ዩሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ጠረጴዛ ራስዎ መርጠው ይቀመጣሉ፤ የተያዘ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ብቻ ይተዉ። አስተናጋጁ ጥቁር ልብስ የለበሰ፣ ብዙ የማይስቅ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ቸኩሎ አይመጣም፣ አያቻኩልም፤ ይህን እንደ ንቀት አይቁጠሩት። ቡናው በትንሽ የብር መልክ ባለው ትሪ ላይ ይቀርባል፤ አጠገቡ አንድ ብርጭቆ ውኃ አለ፣ በብርጭቆው አፍ ላይ ደግሞ ማንኪያ ተደፍቶ ተጋድሟል። ውኃው ከቧንቧ የተቀዳ ነው፤ ግን ከ1873 ጀምሮ ከአልፕስ ተራሮች ምንጭ በረጅም መስመር የሚመጣ ስለሆነ የከተማው ሰው ይኮራበታል፤ ሲያልቅም ያለክፍያ ይተካል። ጋዜጣ በእንጨት ማቀፊያ ታስሮ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ አንሥቶ ማንበብ ይቻላል። በ2011 ይህ የካፌ ባህል በኦስትሪያ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ሂሳብ እስካልጠየቁ ድረስ አይመጣም። ሲነሡ «ጻለን፣ ቢተ» ይበሉ። ጉርሻው ከሂሳቡ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይሆናል፤ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ከመሄድ ይልቅ ሲከፍሉ ድምሩን መናገር ነው ልማዱ። ሂሳቡ 11 ዩሮ ከ20 ሳንቲም ከሆነ «12» ይሉታል፤ እሱም የቀረውን ብቻ ይመልሳል። ጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚቀበሉ ቤቶች አሁንም ስላሉ ጥቂት ዩሮ መያዝ ይበጃል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰው ቆሞ ጠረጴዛ ሲጠብቅ ካዩ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ማዘዝ ወይም መነሣት ጨዋነት ይመስለኛል፤ የሚያስገድድዎ ባይኖርም።

«ቡና» ብቻ ብለው ካዘዙ «የትኛውን?» መባልዎ አይቀርም። ሜላንሽ ቡናና አረፋ ያለው ወተት የተቀላቀለበት ነው፤ ብራውነር ጥቁር ቡና ሆኖ ወተቱ ወይም ክሬሙ ለብቻው በትንሽ ማንቆርቆሪያ ይመጣል፤ አይንሽፔነር በብርጭቆ የሚቀርብ ጥቁር ቡና ሲሆን አናቱ ላይ የተመታ ክሬም ይቆለልበታል። ዓርብን ለሚጾም ሰው የሚሆነው ሽቫርጸር ነው፤ ጥቁር ቡና ማለት ነው፣ ትንሹ «ክላይነር»፣ ትልቁ «ግሮሰር» ይባላል። ኬኮቹን ግን ይጠንቀቁ፤ በእንቁላልና በቅቤ የተሠሩ ናቸው፤ የፖም ሽትሩድሉ እንኳ ለጾም የተሠራ ቢመስልም ሊጡ በአብዛኛው ቅቤ ይቀባል። ለምግብ «ቬጋን» የሚለው ቃል በየትኛውም ቤት ይገባቸዋል፤ በገበያዎቹ ደግሞ ከሽምብራ የሚሠሩት ፈላፍልና ሁሙስ በየቦታው አሉ።

ኢትዮጵያዊ እንግዶች ደጋግመው ስለሚያነሡት አንድ ነገር ልጨምር። የባህላዊው ካፌ ቡና በጣም የተቆላ ነው፤ ለጣዕሙ ብለው ከሄዱ ቅር ይልዎታል። ይርጋጨፌና ሲዳማ የሚሉ ስሞች የተጻፉባቸውን ከረጢቶች የሚያገኙት ቡናቸውን ራሳቸው በሚቆሉት አዳዲስና ጠባብ ቤቶች ነው፤ በ2ኛውና በ7ኛው ወረዳ በእግር ሲጓዙ ይገጥምዎታል። ሁለቱን አያደባልቁ፤ ወደ አዲሶቹ ለቡናው፣ ወደ አሮጌዎቹ ለመቀመጥ ይሂዱ። አስጎብኚዎች የሚተርኩትን፣ በ1683 ከተማዋን ከብበው የነበሩት ኦቶማኖች ጥለው በሸሹት ጆንያ ቡና የመጀመሪያው ካፌ ተከፈተ የሚለውን ታሪክም እንደ ተረት ይስሙት፤ በሰነድ የሚታወቀው በ1685 ቡና የመሸጥ ፈቃድ የተሰጠው ዮሐንስ ቴዎዳት የተባለ አርመናዊ ነጋዴ መሆኑ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ከሪንግ ወጥተው ወደ 6ኛው ወረዳ ይለፉ። ናሽማርክት ዛሬ ለጎብኚ የተሠራ ያህል ሆኗልና ብዙ አይቆዩበት፤ ከገበያው ጎን ግን ቀና ብለው አርክቴክቱ ኦቶ ቫግነር በ1890ዎቹ መጨረሻ የሠሯቸውን ሕንፃዎች፣ በተለይ ፊቱ ሙሉ አበባ በተሳለበት ሸክላ የተሸፈነውን፣ ይመልከቱ። ከዚያ አቅራቢያ ጉምፐንዶርፈር ሽትራሰ ላይ በ1880 የተከፈተው ካፌ ሽፐርል አለ። ካፌ ሴንትራልን አላነሣሁልዎትም፤ በ1876 የተከፈተና አዳራሹም ውብ የሆነ ቤት ቢሆንም ደጁ ላይ የሚቆም ሰልፍ ካፌ የመሄድን ትርጉም ያጠፋዋል። ሽፐርል ጣውላ ወለሉ፣ የቢሊያርድ ጠረጴዛዎቹና የደበዘዙ ወንበሮቹ ሳይነኩ ቆይተዋል፤ አንድ ብቻ ይምረጡ ቢሉኝ እሱን እመርጥልዎታለሁ።

ቅዳሜ ከዳኑብ ቦይ ማዶ ወዳለው 2ኛ ወረዳ፣ ሊዮፖልድሽታት፣ ይሻገሩ። በካርሜሊተር ገበያ ቅዳሜ ጠዋት ገበሬዎች አትክልት፣ አይብና ዳቦ ይዘው ይወጣሉ፤ በዙሪያው ያሉት ካፌዎች ወንበራቸውን ወደ አደባባዩ ያወጣሉ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በ1670 አይሁዳውያንን ከዚያ ካስወጡት ከአፄ ሊዮፖልድ ነው፤ ኋላ ግን ተመልሰው የከተማዋ አይሁዳውያን ዋና መኖሪያ ሆነ፤ እስከ 1938 ድረስ። ከኦስትሪያ አይሁዳውያን ከ60 ሺህ በላይ የሚሆኑት በናዚዎች ተገድለዋል። በእግረኛ መንገዱ ላይ የተቀበሩ የነሐስ መልክ ያላቸው ሰሌዳዎች ከየትኛው ቤት ማን እንደተወሰደ ይናገራሉ። ቆም ብሎ ማንበብ ተገቢ ነው፤ ገበያው ድምቀት ላይ ሳለ እግርዎ ሥር ይህ እንዳለ ሳያውቁ ማለፍ ቀላል ነውና።

ከገበያው ጥቂት ደቂቃ ሲራመዱ አውጋርተን ይደርሳሉ። አፄ ዮሴፍ ዳግማዊ በ1775 ለሕዝብ ከፍተውት በዋናው በር ላይ «ለሰዎች ሁሉ የተሰጠ የመደሰቻ ቦታ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ አስቀርጸዋል፤ ዛሬም ይነበባል። በማስመሪያ የተሰመሩ ያህል ተስተካክለው የተከረከሙት ረጃጅም የዛፍ ግድግዳዎች መጨረሻ ላይ ግን ሁለት ግዙፍ ግራጫ የኮንክሪት ማማዎች ቆመዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ለአየር መከላከያ የተሠሩ ናቸው፤ ከተማዋ ውስጥ እንደዚህ ያሉ ስድስት አሉ። ውፍረታቸው የማይፈርስ ስላደረጋቸው አንዳንዶቹ ሌላ አገልግሎት ይዘዋል፤ በ6ኛው ወረዳ ያለው አንዱ የዓሣና የባሕር እንስሳት ማሳያ ሆኗል። የአውጋርተኖቹ ግን ባዶ ናቸው፤ ከሥራቸው ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

ከሰዓቱ የፕራተር ነው። የንጉሡ አደን ቦታ የነበረው ይህ ደን በ1766 ለማንኛውም ሰው ተከፈተ። ወደ መጫወቻው በኩል በ1897 የቆመው፣ ወደ 65 ሜትር የሚጠጋ ቁመት ያለው ትልቁ መንኮራኩር አለ፤ ከሥሩ አይቶ ማለፍ ይበቃል ባይ ነኝ። የሚሻለው ሃውፕትአሌ ነው፤ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ በግራና ቀኝ ዛፍ የተሰለፈበት፣ መኪና የማይገባበት መንገድ። ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ጥቅምት 12 ቀን 2019 የማራቶንን ርቀት በ1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ የሮጠው በዚህ መንገድ ላይ ነው። በመስከረም ሆርስ ቼስትነት የሚባሉት ዛፎች ፍሬ ስለሚያረግፉ ራስዎን ይጠብቁ፤ ፍሬው አይበላም።

ከጉርትል ውጭ ያለውን ሕይወት ማየት ከፈለጉ በ16ኛው ወረዳ ብሩነንማርክት የሚባለው የጎዳና ገበያ አለ፤ በምድር ባቡሩ ዩ6 መስመር ዮሴፍሽታተር ሽትራሰ ጣቢያ ይወርዳሉ። ሻጮቹ በአብዛኛው የቱርክ፣ የባልካንና የሶሪያ ሰዎች ናቸው፤ ዋጋውም ከናሽማርክት በግልጽ ያንሳል። ጊዜ ከጠበበ ናሽማርክትን ትተው ወደዚህ ቢመጡ እኔ አልቆጭልዎትም።

እሑድ ሱቅ በአብዛኛው ዝግ ነው፤ ውኃና መክሰስ ቅዳሜ ይግዙ። ቀኑ ግን ለኮረብታው የተመቸ ነው። በዩ4 መስመር መጨረሻው ጣቢያ ሃይሊገንሽታት ሲወርዱ ፊት ለፊትዎ ካርል ማርክስ ሆፍ ይቆማል። በ1927 እና በ1930 መካከል የተሠራ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ሲሠራ ወደ 1,400 የሚጠጉ ቤቶች የነበሩት የማዘጋጃ ቤት የኪራይ መኖሪያ ነው። የፊቱ ቀይና ቢጫ ቅስቶች ፎቶ ይነሣሉ፤ እርስዎ ግን በቅስቶቹ ሥር ወደ ውስጥ ይግቡ፤ ግቢው ክፍት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ግቢ ለሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚታየው የሕንፃው ትልቅነት ሳይሆን የባዶው ቦታ ስፋት ነው፤ ሕንፃዎቹ ያረፉት ከመሬቱ ከአምስት እጅ አንዱን በማይሞላ ክፍል ላይ ሲሆን የቀረው ዛፍ፣ ሣርና የልጆች መጫወቻ ነው። መታጠቢያ ቤት፣ የልብስ ማጠቢያ፣ መዋዕለ ሕፃናትና ቤተ መጻሕፍት አብረው ታቅደው ነበር። በየካቲት 1934 በተነሣው የእርስ በርስ ውጊያ ሠራተኞቹ መሽገውበት ጦር ሠራዊቱ በመድፍ ደብድቦታል። ሰዎች የሚኖሩበት ግቢ ስለሆነ ወደ መስኮት ካሜራ ባያነጣጥሩ መልካም ነው።

ከዚያው ጣቢያ 38ኤ የሚባለውን አውቶቡስ ይዘው ካለንበርግ ይውጡ፤ 484 ሜትር ከፍታ ያለው ኮረብታ ነው፤ ከተማዋና ዳኑብ ከሥርዎ ይዘረጋሉ። ሲመለሱ አውቶቡሱን ይተዉና በወይን እርሻዎቹ መካከል በእግር ወደ ኑስዶርፍ ይውረዱ። መንገዱ በምልክት የተሞላ ስለሆነ አይጠፉም፤ ጫማዎ ግን የማያንሸራትት ይሁን። ወቅቱ የወይን ለቀማ ስለሆነ በመንገድ ዳር ሽቱርም የሚባል ገና በመፍላት ላይ ያለ ደፍራሳ የወይን መጠጥ ይሸጣል፤ ጣፋጭነቱ ያታልላል እንጂ አልኮል አለው። ከኑስዶርፍ ዲ የሚባለው ትራም እስከ ሪንግ ድረስ ያደርስዎታል።

ስለ ትራንስፖርት የቀረው አጭር ነው። በቪየና ምድር ባቡርና ትራም መግቢያ ላይ የሚከለክል በር የለም፤ ይህ ግን ነጻ ነው ማለት አይደለም። ተቆጣጣሪዎች የሲቪል ልብስ ለብሰው ይገባሉ፤ ያለትኬት ወይም ትኬቱን በማሽን ሳያስመታ የተገኘ ሰው ከ100 ዩሮ በላይ ይቀጣል፤ «እንግዳ ነኝ» ማለትም አያድንም። ለሦስት ቀን በየጉዞው ከመግዛት ይልቅ ለብዙ ቀን የሚያገለግል ትኬት ይመቻል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማ ኤስ7 የሚባለው ተራ ባቡር በቪን ሚተና በፕራተርሽተርን ያቆማል፤ በማስታወቂያ ከሚጎላው ፈጣን ባቡር በብዙ ይረክሳል። የአውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው የትኬት ክልል ውጭ ስለሆነ ግን በከተማው ትኬት ላይ ለዚያ ክፍል ተጨማሪ መግዛት ያስፈልግዎታል።